ይህ ዓሣ ምን በልቶ አደገ?

በሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ማለዳ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው አባ ኮዳ በሚባሉት ትልልቅ ወፎች ላይ ነው። ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው፣ ከሰው ሁለት እርምጃ ርቀው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደሩት ጀልባዎች ሲጠጉ መረብ ይጎተታል፤ ልጆች ቆሮሶውን (ቲላፒያውን) ከመረቡ ዓይን እየፈለቀቁ ሳፋ ላይ ይጥላሉ፤ ቢላ የያዙት ቅርፊቱን ጠርገው፣ ቆዳውን ገፈው ፊሌቶ ያወጣሉ። ዐቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ ገዢው ጀልባው ሳይደርስ ቆሞ ይጠብቃል።

እንዲህ ባለ አንድ የጾም ማለዳ አንድ አስጋሪ ከሳፋው ውስጥ አንዲት ቆሮሶ አንሥቶ አፏን በአውራ ጣቱ ከፈት አደረገልኝ። ከማሽላ ፍሬ ያነሱ ቢጫ እንቁላሎች መዳፉ ላይ ወረዱ። «ይቺ አራስ ናት» አለ። እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ አራገፈና ዓሣዋን ቢላ ለያዘው ልጅ አቀበለው።

ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው። ተፈልፍለው ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪጀምሩ ድረስ እዚያው ይዛቸው ትከርማለች፤ በእነዚያ ቀናት ምግብ እምብዛም አትቀምስም። እሷም ጾም ላይ ናት ማለት ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ በብዛት ከሚራባባቸው ሁለት ወቅቶች አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ሲሆን፣ ሁዳዴም የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። የዓሣ ፈላጊው ቁጥር ጣሪያ የሚነካበትና እናቲቱ አፏን ሞልታ የምትዞርበት ወር አንድ ሆነ።

በዓለም ገበያ የሚነሣው ክርክር ከዚህ የራቀ ይመስላል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ሱፐርማርኬት የገባ ሰው የታሸገው ዓሣ ላይ «የእርባታ» ወይም «ከተፈጥሮ የተጠመደ» የሚል ጽሑፍ ያገኛል፤ በጾም ወራት ሳልመንና ቲላፒያ የሚሸምተው ወገናችንም የትኛው ለአካባቢ ይሻላል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አግባብ አለው። ሆኖም በዚህ አቀራረቡ መልስ የለውም፤ ሁለቱም ቃላት ስለ ዓሣው አኗኗር የሚነግሩን በጣም ጥቂት ነው። እኔ ብጠየቅ ከመለያው በፊት ሁለት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ዓሣው ምን በልቶ አደገ? በየትኛው ወርስ ተያዘ?

እስቲ በትልቁ ሥዕል እንጀምር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የግብርና ድርጅት ባወጣው አኀዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ከእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውሃ እንስሳ 94.4 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ ከባሕርና ከሐይቅ የተጠመደው 91 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። እርባታው አደኑን በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የበለጠው በዚያ ዓመት ነው። በአንጻሩ ክትትል ከሚደረግባቸው የባሕር ዓሣ ክምችቶች እ.ኤ.አ. በ2021 37.7 በመቶ የሚሆኑት ከሚተኩት በላይ እየተጠመዱ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው «እንግዲያው እያረባን እንብላ፤ ባሕሩም ይረፍ» ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ የሚመጣው የቀለቡ ነገር ሲነሣ ነው። ሳልመን ሥጋ በል ዓሣ ነው። ኖርዌይ በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን ሳልመን በባሕር ላይ በተዘረጉ የመረብ ጎጆዎች ታረባለች፤ ለዚህ ሁሉ አፍ የሚሆን ቀለብ ደግሞ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ዋናው ግብዓት ለረጅም ጊዜ የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት ነበር፤ ከፔሩ ባሕር የሚታፈሰው አንቾቪ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ የሚወጣው ሰርዲኔላ። ሰርዲኔላ በሴኔጋልና በጋምቢያ የደሃ ሰው ምሳ ነው፤ ሩዙ ላይ የሚደረገው፣ ሴቶች አጭሰውና አድርቀው ወደ መሀል አገር የሚሸጡት እሱ ነው። በሞሪታኒያና በጋምቢያ ዳርቻ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎች ሲተከሉ አጫሾቹ ሴቶች ከፋብሪካ ጋር መጫረት ግድ ሆነባቸው። አንዱ አገር ዓሣ እንዲያረባ የሌላው አገር ዓሣ ይፈጫል።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መጨመር አለበት። የኖርዌይ ሳልመን ቀለብ እ.ኤ.አ. በ1990 ዘጠና በመቶ ያህሉ ከባሕር የመጣ ነበር፤ ዛሬ ያ ድርሻ ከሠላሳ በመቶ በታች ወርዷል። የተተካው በአብዛኛው በአኩሪ አተርና በሌሎች እህሎች ነው፤ አኩሪ አተሩ ደግሞ በብዛት ከብራዚል ይመጣል። ሸክሙ ከባሕር ወደ እርሻ መሬት ተሸጋገረ እንጂ አልተነነም። መረቡም ቢሆን ክፍት ስለሆነ የዓሣው ኩስ፣ የተረፈው ቀለብና የባሕር ቅማል የሚባለው ጥገኛ ተባይ በነጻ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኖርዌይ የባሕር ጎጆዎች ውስጥ ከስድሳ ሚሊዮን በላይ ሳልመን ሞቷል። በ2024 በበጋቸው ከባሕር ወደ ወንዝ የሚመለሰው የተፈጥሮ ሳልመን እጅግ ስላነሰ 33 ወንዞች ለአጥማጆች ተዘጉ። ለዚያ ማነስ የባሕሩ መሞቅም ድርሻ አለው፤ ከጎጆ የሚያመልጡት ሳልመኖችና ቅማሉ ግን የአገሪቱ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ የሚጠቅሷቸው ናቸው።

«እርባታ» በሚለው በዚያው ቃል ውስጥ ፈጽሞ የተለየ ዓለምም አለ። ግብፅ በአፍሪካ ቀዳሚዋ ዓሣ አርቢ ናት፤ ምርቷ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን በላይ ይደርሳል፤ አብዛኛው በናይል ዴልታ በአፈር ኩሬ የሚያድግ ቲላፒያ ነው። ይኸው የእኛው ቆሮሶ። የአገሪቱ ሕግ ለዓሣ ኩሬ ንጹሕ የመስኖ ውሃ መጠቀምን ስለሚከለክል፣ ኩሬዎቹ የሚሞሉት እርሻ አጠጥቶ በተመለሰ ውሃ ነው። የዚያ ውሃ ንጽሕና የራሱ ጥያቄ አለበት። ነገር ግን አንዴ ስንዴና ጥጥ ያጠጣ ውሃ ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት ዓሣ ሲመግብ ማየት፣ ስለ ዓባይ ሲባል ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ኢትዮጵያዊ እንኳ ቆም ብሎ ሊመለከተው የሚገባ ነገር ነው።

የቆሮሶ ጥቅም በሆዱ ላይ ነው። የሚበላው በዓይን የማይታይ ዋቅላሚና በውሃው ታች የሚረጋ ብስባሽ ነው። ኩሬው ላይ ትንሽ ፍግ ሲደረግ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴ ለእሱ ማዕድ ነው። ተጨማሪ ቀለብ ቢሰጠውም የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ይበቃዋል። አንድ ኪሎ ቆሮሶ ለማግኘት አንድ ተኩል ኪሎ ገደማ ደረቅ ቀለብ ሲበቃ፣ ለበሬ ሥጋ የሚያስፈልገው የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ምስጢር የለውም። ዓሣ ገላውን ለማሞቅ ጉልበት አያወጣም፤ ውሃው ተሸክሞት ስለሚውል ለመቆምም አይደክምም።

ይህን ሰምቶ ኩሬ ለመቆፈር የሚነሣ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። ሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ከሌላ ቦታ ጫጩት አምጥቶ ሴትና ወንድ ሳይለይ ኩሬው ውስጥ የጨመረ ገበሬ፣ ከስድስት ወር በኋላ መረቡን ሲጎትት የሚያገኘው የጣት ርዝመት ያላቸው አእላፍ ዓሦች ሊሆን ይችላል። ቆሮሶ በኩሬ ሲጨናነቅ ገና በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል፤ ልጆቹ ከወላጆቹ ጋር ለአንድ ማዕድ ይሻማሉ፤ ማንም አያድግም። መረቡ ከብዶት የተደሰተ ሰው መረቡ ሲከፈት ፊቱ የሚቀየረው በዚህ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ወይ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባት፣ ወይ ከቆሮሶው ጋር ጥቂት አምባዛ ጨምሮ ትርፍ ልጆቹን እንዲለቅም ማድረግ። አምባዛ ጭቃ ውስጥ፣ አየር ባጠረው ውሃ እንኳ የሚኖር ጽኑ ፍጡር ስለሆነ ለዚህ ሥራ እንደ እሱ ያለ የለም። እንዲህ የተያዘ ኩሬ፣ ከሐይቅ ርቆ፣ የዘይት መጭመቂያ ተረፈ ምርት እየበላ የሚያድግ ዓሣ ካስገኘ፣ በእኔ ግምት በአገራችን ከሚመረቱ የእንስሳት ምግቦች ሁሉ መሬትን እጅግ አነስተኛ ዋጋ የሚያስከፍል ነው። የፋጉሎው ዋጋ በየጊዜው መሰቀሉ ነው አርቢውን የሚያደክመው፤ ላሟና ዶሮዋም የሚሻሙት እሱኑ ነውና።

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ። «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል በጆሮ ላይ ደግ ይመስላል። በደንገል ታንኳ ተቀምጦ በትንሽ መረብ የሚያጠምድ የጣና ሰው ነዳጅ አያቃጥል፣ ቀለብ አይገዛ፣ መድኃኒት አይረጭ። በዚህ መለኪያ ከእሱ ዓሣ የሚበልጥ ንጹሕ ምግብ አይገኝም። ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም።

ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ሁሉም ከአንድ ዘር የመጡ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸው በሐይቁ ውስጥ ብቻቸውን የተለያዩ ናቸው። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ ይላቸዋል። ባሕር ዳር ላይ ነጭ ዓሣ ነው ስማቸው። (አርባ ምንጭ ሄደው ነጭ ዓሣ ካዘዙ ግን የሚቀርብልዎት ሌላ ፍጡር፣ የጫሞው ግዙፍ ሥጋ በል ነው፤ በአንድ ስም ሁለት ዓሣ እየበላን ስለ የትኛው እንደምንከራከር መለየት አንዱ ችግራችን ነው።) በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ አብዛኛው ጠፍቷል። የጣናው ግን ዛሬም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጣና ላይ ባለሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የያዘ የልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሕዝቡ ዓሣ ይብላ፣ አጥማጁ ገቢ ያግኝ። ዓሦቹ ግን የተፈጥሮ ቀጠሮ አላቸው። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ የሚፈልጉት ጠጠር ያለበትን፣ ፈጣንና ጥርት ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ጀልባውን ይሞላል። ወደ ላይኛው ወንዝ ያለው ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ መቀነሱን የሐይቁን ዓሣ በየወሩ እየለኩ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ዘግበዋል።

ለዚህ ዓሣ ታንኳው ንጹሕ መሆኑ ምኑም አይደለም። ያው መረብ፣ ያው ሰው፣ ያው ሐይቅ በጥርና በነሐሴ ፈጽሞ የተለያየ ጉዳት ያደርሳሉ። ስለ ዘላቂነት ስንነጋገር ከማናቸውም መለያ ይልቅ ወሩን የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ከአጥማጁ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ጥፋትም አለ። በስምጥ ሸለቆው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡት ፔሊካኖች ዓሣ ለመልቀም ወደ አብያታ ይበሩ ነበር። የአብያታ ውሃ ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ማምረቻና ወደ እሱ በሚፈስሱት ወንዞች ላይ ለመስኖ ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፤ የቀረው ውሃ ጨዋማነት በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። እዚያ ዓሣውን የጨረሰው መረብ አልነበረም።

አንዳንድ ሰው ታዲያ እርባታውን ሐይቁ ውስጥ ብናስገባውስ ይላል፤ ጎጆ መረብ አንሳፍፈን። በኢንቨስትመንት ጥናት ላይ ያምራል፤ ውሃ አለ፣ መሬት አያስፈልግም፣ ዓሣውን ማብላትና ማውጣት ብቻ ነው። እኔ ግን ከሁሉም አማራጮች የምፈራው ይህን ነው። ጎጆ ውስጥ ያለ ዓሣ የሚበላው ተገዝቶ የሚበተን ቀለብ ነው፤ የተረፈውና ኩሱ ቀጥታ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ለሐይቁ ማዳበሪያ ነው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ በእጅም በማሽንም ስንነቅለው የኖርነው እምቦጭ የሚወደው ይህንኑ ማዳበሪያ ነው። ዝዋይ ደግሞ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው፣ እንደ ሳህን ዝርግ የሆነ ሐይቅ ነው፤ እዚያ ላይ ይህን መጨመር በሞላ ሳህን ላይ ጭልፋ መድፋት ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ የኬንያ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ጎጆዎቻቸውን ሲያዩ ዓሣው በቶን ሞቶ ተንሳፍፎ አገኙት፤ ከታች ያለው ኦክስጅን ያጠረው ውሃ ወደ ላይ ሲገለበጥ፣ ታጥሮ ያለ ዓሣ መሸሻ የለውም።

የዘር ጉዳይም አለ። ለእርባታ ፈጥኖ እንዲያድግ የተሻሻለው ዝነኛው የቲላፒያ ዘር፣ ጊፍት የሚባለው፣ ፊሊፒንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የተዳቀለው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል በተወሰዱ ዓሦች ጭምር ነው። አፍሪካ ሰጥታ የወጣው ይህ ዘር ለብዙ ዓመታት ወደ አፍሪካ እንዳይመለስ የተያዘበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ካመለጠ ከተፈጥሮው ቆሮሶ ጋር ተዳቅሎ የየሐይቁን የራስ ዘር ያደበዝዘዋል። ጣና፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ሌላው ቀርቶ በአዋሽ ሸለቆ ያሉ ፍል ውሃዎች የየራሳቸው የቆሮሶ ዘር አላቸው። መረብ ይቀደዳል፤ ጎርፍ ይመጣል፤ አዞ ይነክሳል። አንዴ የተቀላቀለ ደም ደግሞ አይለይም። ይህ ዘር የነገው እርባታ ጥሪት መሆኑን የሚረሳ ባለሀብት ዘር እህሉን ፈጭቶ እንደሚበላ ገበሬ ነው።

በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ሐሳብ አለ፤ ኩሬ ሲበዛ ሐይቁ በራሱ ያርፋል የሚለው። አይመስለኝም። የኩሬ ዓሣ ቀለብ ተገዝቶለት፣ ጫጩት ተገዝቶለት፣ ስድስት ወር ተጠብቆ ይወጣል። የሐይቅ ዓሣ ለአጥማጁ መረብና ሌሊት ብቻ ነው የሚያስከፍለው። ስለዚህ የሐይቁ ዓሣ ሁልጊዜ በርካሽ ይሸጣል፤ መረቡም አይወጣም። ደግሞም ሌሊቱን ውሃ ላይ የሚያድረው ወጣት ኩሬ የሚቆፍርበት መሬት ቢኖረው ኖሮ ከመጀመሪያው አስጋሪ ባልሆነ ነበር። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ኩሬው ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ሐይቁን የሚጠብቀው በየወንዙ አፍ ላይ በክረምት ቆሞ መረብ የሚያስነሣ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። የዚያን ሰው ደመወዝና መረቡን የሚያነሣው አጥማጅ በእነዚያ አራት ወራት የሚበላውን ሳያስቡ ሕጉን ብቻ ማንበብ ዋጋ የለውም።

የሕዳሴው ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሌላ ፈተና ይዞ መጥቷል። ወደ 1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አዲስ ውሃ ነው፤ አጥማጆችም ገብተውበታል፤ ከዚያ የሚወጣው ዓሣ ግዙፍነት ሲወራ ይሰማል። ደስ ይላል። ይሁን እንጂ አዲስ ግድብ ሲሞላ በውሃ የተዋጠው ሣርና ዛፍ እየበሰበሰ ውሃውን ስለሚያዳብረው ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይትረፈረፋል፤ ያ ስንቅ ሲያልቅ ምርቱ ይወርዳል። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ባለው የካሪባ ግድብ ላይ እንዲህ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹን የጥጋብ ዓመታት አይቶ የጀልባና የመረብ ቁጥር የሚወስን ባለሥልጣን፣ ዝናብ በጣለበት ዓመት ልክ ከብት እንደሚያበዛ አርብቶ አደር ነው የሚሆነው። ፈቃዱን አሁን በቁጥር መገደብ፣ ዓሣው ሲያንስ ሰው ከውሃው ከማስወጣት እጅግ ይቀልላል።

እና እኔ ምን እበላለሁ? ከኩሬ የወጣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ካገኘሁ ያለ ማመንታት። የሐይቅ ቆሮሶ ከሆነ ከመዳፌ ያነሰውን አልገዛም፤ ገና አንዴ እንኳ ሳይወልድ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር በክረምት ነጭ ዓሣ አላዝም። ሳልመን ውጭ አገር ስሄድ ጓደኞቼ ካቀረቡልኝ እበላለሁ፤ እንግዳ ሆኖ ማንገራገር ነውር ነው።

አሞራ ገደል ላይ ያን ማለዳ ግን ምርጫው እንዲህ የተስተካከለ አልነበረም። አስጋሪውን «አራስ መሆኗን ካወቅህ ለምን አልመለስሃትም?» አልኩት። አልተቆጣም። ወደ ሐይቁ በአገጩ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ እኔ ብመልሳት ማታ በእነዚያ መረብ ነው የምታድረው» አለኝ። ውሃው ላይ ገና ያልገቡ አምስት ስድስት ጀልባዎች ይታዩ ነበር። ልጁ ፊሌቶውን በፌስታል አድርጎ ሲያቀብለኝ አባ ኮዳው አንጀቷን አንሥቶ ዋጠ፤ እኔም ዋጋውን ጠይቄ ከፈልሁ።